ሰንደሉ ገባ፣ ዝባዱ ወጣ

የሽቶ ነጋዴዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ስለ አንዱ ብልቃጥ «እንጨት እንጨት፣ ለውዝ ለውዝ የሚል ሰንደል» ይሉና መነሻ ሐሳቡ «ምስጢራዊው ምሥራቅ» ነው ብለው ይጨርሱታል። ሐረርን ለሚያውቅ ግን ምስጢሩ የቱ ላይ ነው? የባቢሌ ለውዝ ሲቆላና ሰንደል ሲጨስ ያሸተተ ሰው ነገሩ ገብቶታል።

እርግጥ ሰንደል የሐረር ዛፍ አይደለም። አገሩ ደቡብ ሕንድ ነው። ሥሩን ከሌሎች ዛፎች ሥር ጋር አጣብቆ ምግብ እየተሻማ ያድጋል፤ ሽታው በግንዱ እምብርት እስኪጠራቀም አሥርት ዓመታት ይፈጃል። የማይሶሩ ቲፑ ሱልጣን በ1792 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የንጉሥ ዛፍ ነው ብሎ አውጇል። የሕንድ ዕቃ በመርከብ ኤደን፣ ከዚያ ዘይላ፣ ከዘይላ በግመል ጀጎል ይደርስ ነበር።

ግመሉም ባዶውን አይመለስም። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ ይጫናል፤ በከብት ቀንድ የታሸገ ዝባድም አብሮ ይወጣል። ይህ የጥርኝ ቅባት ብቻውን አፍንጫ ያስይዛል። በጥቂቱ ከሽቶ ሲገባ ግን ሌላውን ሽታ ይዞ ያቆያል። የሎሚውና የአበባው ሽታ በኖ ሲያልቅ ቆዳ ላይ የሚቀሩት እንደ ሰንደልና ዝባድ ያሉት ናቸው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ አርተር ራምቦ መስማት ይወዱ ነበር። ሰውየው በ1880 ሐረር የገባው ሊገጥም ሳይሆን ሊነግድ ነው፤ ዝባድም ከሸቀጦቹ አንዱ ነበር። ዛሬ «የራምቦ ቤት» የሚባለው ያማረ ሕንፃ ግን የእሱ አይደለም። በ1891 ከሞተ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ነጋዴው ሠራ፣ ገጣሚው ተጠራበት! የሽቶም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስሙ የብልቃጡ ነው፤ ቅባቱ ግን የሌላ ሰው ድካም ነው።

በ1902 ባቡሩ ሐረርን ትቶ ድሬዳዋ ሲገባ ንግዱ ከጀጎል በሮች ራቀ። ዝባዱ ግን ከደቡብ ምዕራብ ገበሬዎች ጓሮ መውጣቱን ቀጠለ። ወንዱ ጥርኝ በጠባብ ጎጆ ተቆልፎ በየዘጠኝ አሥር ቀኑ ይፋቃል። የእንስሳት ተከራካሪዎች ጮኹ፤ እነሻኔልም በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሰው ሠራሹ ዞሩ። ለጥርኙ እሰየው! ቀንዱን ይዞ ገዢ ለሚጠብቀው ገበሬስ ማን ምን አለው? ሰንደሉም ቢሆን ከመቆረጥ ብዛት ከ1998 ጀምሮ ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች ተቆጥሯል።

ጀጎል በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡን ያቆመው ግን ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ በበሮቹ የገባውና የወጣው ነው። ስለዚህ ሽቶ ሻጭ «መነሻ ሐሳቡ ምሥራቅ ነው» ሲላችሁ አትከራከሩት። የዛፉን አገር፣ የግመሉን መንገድና የገበሬውን ድርሻ ብቻ ጠይቁት። መልስ ካጣ፣ ሐሳቡ ሳይሆን ሽታው ብቻ ነው የደረሰው።