«እናሸንፋለን»፦ አንድ ርእስ የተጋሩ ሸክላዎች

በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የዘፈንም ሆነ የአልበም ርእስ ለብቻው ጥበቃ ስለማይደረግለት፣ አንድን ስም ብዙ ሥራዎች ሲጋሩት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኞቹ ሞክሼዎች ከስማቸው በቀር ዝምድና የላቸውም፤ «ዊ ሻል ኦቨርካም»፣ በአማርኛ «እናሸንፋለን» እንደማለት የሆነውን ርእስ የያዙት ዋና ዋና አልበሞች ግን ሁሉም ከአንድ መዝሙር የተቀዱ ናቸው።

የመዝሙሩ መነሻ ተደርጎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በፊላዴልፊያ ያገለግሉ የነበሩት የሜቶዲስት ቄስ ቻርልስ አልበርት ቲንድሊ በ1901 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት መዝሙር ነው። ይሁንና የቲንድሊ መዝሙር የአንድን አማኝ የግል ተጋድሎ የሚያነሣ፣ ዜማውም ዛሬ ከሚታወቀው የሚለይ በመሆኑ፣ ወላጅ ከማለት ይልቅ ዘመድ ማለቱ ይበጃል። መዝሙሩ የጋራ ድምፅ ሆኖ የተሰማው በ1945 መገባደጃ፣ በደቡብ ካሮላይና ቻርልስተን ከተማ፣ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች የሆኑ የሲጋር ፋብሪካ ሠራተኞች ለወራት የዘለቀ የሥራ ማቆም አድማ በመቱ ጊዜ ሲሆን፣ በተለይ ሉሲል ሲመንስ የተባለች ሠራተኛ እያንዳንዱን ቃል እየጎተተች በዝግታ የምታዜምበት ስልት በአድማተኞቹ ዘንድ ታዋቂ ነበር። በቴነሲ ተራሮች የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎችን ያሠለጥን ወደነበረው ሃይላንደር ፎክ ስኩል የሄዱት አድማተኞች ለትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ኃላፊ ለዚልፊያ ሆርተን አስተማሯት፤ እርሷም በ1947 ለባንጆ ተጫዋቹ ለፒት ሲገር አስተማረችው። በ1960 ደግሞ ጋይ ካራዋን የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ በተመሠረተበት የራሌ ስብሰባ ላይ ሲያዜመው መዝሙሩ የሲቪል መብቶች ንቅናቄ ዓርማ ሆነ። የሲገር ዝና ገንኖ ዘፈኑን የእርሱ ብቻ ያስመሰለው፣ ከሲመንስ እስከ ካራዋን ያለውን ይህን ቅብብል በመሸፈን ነው።

የሸክላዎቹም ቅደም ተከተል ይህንኑ ያስረዳል። በ1961 ፎክዌይስ የተባለው አሳታሚ በዚህ ርእስ ያወጣው ሸክላ፣ ጥቁሮችን በማያስተናግዱ ምግብ ቤቶች ተቀምጠው አንነሣም ያሉትንና በአውቶቡስ ወደ ደቡብ የዘለቁትን የነፃነት ተጓዦች መዝሙሮች የያዘ ሲሆን፣ ከዘማሪዎቹ መካከል ከሞንትጎመሪ የመጡ ሦስት ወጣት ሴቶች ይገኙበታል። ከእነርሱ አንዷ በ1959 ፖሊሶች ሃይላንደርን በወረሩበት ሌሊት፣ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ፍርሃትን የሚክድ አንጓ በመዝሙሩ ላይ እንደጨመረች ይነገራል፤ ይህም በኋላ ከመጣ ከየትኛውም ዝነኛ አልበም ይልቅ የመዝሙሩን ባሕርይ የሚያሳይ ነው። የሲገር ሸክላ በ1963 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ካቀረበው ዝግጅት የተቀዳ ሲሆን፣ ፎክዌይስ በ1964 ያወጣው ሌላኛው ሞክሼ የዋሽንግተኑን ታላቅ ሰልፍ ንግግሮችና ዜማዎች የሰነደ ነው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ2006 ያወጣው አልበም በአንጻሩ ለሲገር የተደረገ ክብር በመሆኑ፣ ሙዚቃው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከትግሉ ይልቅ ወደ መታሰቢያነት ያደላል።

ርእሱ ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ መዝሙሩ ራሱ ባለቤት ነበረው። በ1960 እና በ1963 የቅጂ መብቱ በሲገር፣ በካራዋን፣ በሆርተንና በሙዚቀኛው በፍራንክ ሃሚልተን ስም ተመዘገበ፤ የሚገኘው ክፍያም በሃይላንደር በኩል ለጥቁሮች ማኅበረሰብ ሥራዎች በሚውል ገንዘብ ውስጥ ይገባ ነበር። በ2016 ይህ መብት በፍርድ ቤት ተሞገተ፤ በ2017 ዳኛዋ በመጀመሪያው አንጓ ላይ የተደረጉት ጥቃቅን የቃላት ለውጦች ለቅጂ መብት የሚያበቁ አይደሉም ብለው ወሰኑ፤ በ2018 መጀመሪያም ተከራካሪዎቹ ተስማምተው መዝሙሩ የሕዝብ ሀብት ሆነ።