የስንዴና የዋግ ታሪክ በባሌ ደጋ

ዋግ የእህል ጠላት መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ከራብ፥ ከቸነፈርና ከአንበጣ ጋር ተቈጥሮ ይገኛል፤ ሮማውያንም በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ከእርሱ ለመዳን በዓል አድርገው ውሻ ይሠዉ ነበር። ዋግ ረቂቅ ዘር ያለው ሻጋታ ነው፤ ዘሩን ነፋስ ያደርሰዋል፥ ጠልና ካፊያ ያበቅለዋል።

በሮቤና በጎባ ዙሪያ ያለው የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናም ያገኛል፤ ገበሬውም በበልግና በመኸር ስንዴ ይዘራል። ይህ የምድሩ በረከት ለዋግም ምቾት ሆነ፤ ከአንዱ አዝመራ ወደ ሌላው ሲሻገር ለምለም ስንዴ አያጣምና። ብርድና እርጥበት ሲበዛ ቢጫ ዋግ ቅጠሉን ይይዛል፤ ሙቀት ሲጨመር የግንድ ዋግ አገዳውን ይበላል።

ዳሸን የተባለው ዘር በ1980 ዓ.ም. ገደማ በቢጫ ዋግ ተመታ፤ እንኮይ የተባለውም በ1986 ዓ.ም. በግንድ ዋግ ወደቀ። ከዚያም መሠረቱ ከሜክሲኮ የሆነው ኩብሳ ምርቱ ብዙ ነውና እርሻውን ሁሉ ሸፈነ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻና በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ዝናም በዝቶ ቢጫ ዋግ ተነሣ፤ በመላው ኢትዮጵያ ከ600,000 ሔክታር የሚበልጥ ስንዴ ነካ። ስለዚህ ብዙ ገበሬዎች ኩብሳን ትተው ዲገሉን ያዙ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይችል ነበር፤ በኡጋንዳ የታየውንም ብርቱ የግንድ ዋግ ይቋቋም ነበርና ሰው ታመነበት። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን መታው፤ ከአንዳንድ ማሳ የሚታጨድ ፍሬ አልተገኘም። አንዱ በር ሲጠበቅ ጠላት በሌላው ገባ።

ከዚህም የሚታየው ጥፋቱ የዘሩ ክፋት ብቻ እንዳልሆነ ነው። አገር ሁሉ አንድ ዘር ሲዘራ፥ ያን ዘር የሚያሸንፍ አንድ ዋግ አገሩን ሁሉ ያገኛል። ጎረቤታሞች ልዩ ልዩ ዘር ቢዘሩ ግን የአንዱ ማሳ ሲመታ የሌላው ይተርፋል። በሮቤ አጠገብ ያለው የሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከልም እንደ መዳ ወላቡና እንደ ሶፍ ዑመር ያሉ ዘሮችን ማውጣቱ ለዚህ ይጠቅማል። ሁለተኛው ጥበቃ ማየት ነው፤ ዝናም በሰነበተበት ወራት ማሳውን እየዞሩ፥ የታችኛውንም ቅጠል እየገለጡ መመርመር ይገባል። መድኃኒት የሚጠቅመው ምልክቱ በጥቂት ቅጠል እንደ ታየ ሲረጭ ነው፤ ዋጉ አገዳውንና ዛላውን ከወረሰ በኋላ የሚረጭ ግን ገንዘብን ከእህሉ ጋር ማጥፋት ነው።

ዝናም የጠገበ ማሳ ደስ ያሰኛል፤ የባሌ ገበሬ ግን ሳይመረምር እንዳይታመንበት ሁለት ጊዜ ተምሯል።