ከአዞ ስብ እስከ ንቅለ ተከላ፤ የራሰ በራነት መድኃኒት ፍለጋ ታሪክ

ሕይወትን የማያሳጣ፣ ሕመም የማያስከትል፣ ሆኖም ብዙ ገንዘብና ብዙ ሐሳብ የበላ ችግር ቢፈለግ የወንዶች ራስ መመለጥ ከፊተኞቹ ተርታ ይሰለፋል። ነገሥታት አፍረውበታል፤ ሐኪሞች ተከራክረውበታል፤ አታላዮች ከብረውበታል። ዛሬም ቢሆን አንድ ወጣት ገና በሃያ አምስት ዓመቱ ከመስተዋት ፊት ቆሞ የግንባሩን ስፋት በጣቱ ሲለካ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲታይ ለቀልድ እንጂ ለመሐንዲሶች መጽሔት የሚበቃ አይመስልም። ነገር ግን የፍለጋውን ታሪክ ከሥር መሠረቱ ለተከታተለ ሰው ሁለት ቁም ነገሮች ይገኙበታል። አንደኛው፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ መድኃኒቱ ሲፈለግ የኖረው ጠጉሩ ከጠፋበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ መልሱ የተገኘው ግን ጠጉሩ ካልጠፋበት ቦታ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ መልሱ ከተገኘም በኋላ ሀብቱ ውሱን መሆኑን ባለመገንዘብ ብዙ ሰዎች በቀላሉ ለማይታረም ጉዳት መዳረጋቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጥንቱ ፍለጋ

እስከ ዛሬ ከተረፉት የሕክምና ጽሑፎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ በግብፅ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ ነው። በዚህ ጥቅል ውስጥ ለተመለጠ ራስ ከታዘዙት ቅባቶች መካከል የአንበሳ፣ የጉማሬ፣ የአዞ፣ የድመት፣ የእባብና የበረሃ ፍየል ስብ ተደባልቆ የሚሠራ ይገኛል። ቅባቱ ጠጉር ባያበቅልም አንድ ነገር ያስረዳል። ለመድኃኒት ሲባል ከአንበሳና ከአዞ ጋር መጋፈጥ ያላስፈራው ሰው ራሰ በራነትን ምን ያህል እንደ ጠላው ያሳያል።

በብሉይ ኪዳንም ነገሩ ሳይነሣ አልቀረም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 13 ጠጉሩ የረገፈበትን ሰው ከለምጻሙ ለይቶ ንጹሕ መሆኑን ይደነግጋል። በመጽሐፈ ነገሥት ደግሞ ነቢዩ ኤልሳዕ በመንገድ ሲሄድ ልጆች በመላጣነቱ እንደ ዘበቱበትና ቅጣታቸውም ከባድ እንደ ነበረ ተጽፏል። እንግዲህ ሕጉ ነጻ ያወጣውን ሰው የመንደር ልጆች ምላስ አልማረውም ማለት ነው።

የዘመኑን ዓለም ያንቀጠቀጠው የሮማው ዩልዮስ ቄሣር እንኳ ከዚህ ኀፍረት አላመለጠም። ሱኤቶንዮስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንዳተተው፣ ቄሣር የሳሳውን ጠጉሩን ከመሐል ራሱ ወደ ፊት እያበጠረ በራውን ይሸፍን ነበር። የሮማ ሸንጎና ሕዝብ ከሰጡት ክብር ሁሉ በላቀ ደስታ የተጠቀመበትም የሎረል ቅጠል አክሊልን ዘወትር የመድፋት መብት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላም በ1624 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 13ኛ ጠጉሩ ቢሳሳበት ሰው ሠራሽ ጠጉር መድፋት ጀመረ። ቤተ መንግሥቱ ተከተለው፤ በልጁ በሉዊ 14ኛ ዘመንም የአንድ ሰው መሸፈኛ የነበረው ነገር የመላው አውሮፓ መኳንንት ልብስ ሆነ።

በአገራችን ራስን በቅቤ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ቅቤ የደረቀውን ጠጉር ያለሰልሳል፤ ከመሰባበርም ይጠብቃል። የመለጠውን ግን አይመልስም። በዚህ ረገድ ቅቤውም የአዞው ስብም ዕጣቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚቀቡት በላይ ሲሆን የነገሩ መነሻ ግን ከውስጥ ነውና።

መንስኤው እንዴት ታወቀ

የመንስኤው ፍንጭ የተሰጠው ገና በጥንት ዘመን ነበር። የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራጥስ ጃንደረቦች እንደማይመለጡ አስተውሎ በስሙ በሚታወቁት የሕክምና ቃላት ውስጥ ይኸው ሰፍሯል። አሪስጣጣሊስም ይህንኑ መስክሯል። ይሁን እንጂ ከዚህ አስተያየት ተነሥቶ ምክንያቱን በሙከራ የሚያረጋግጥ ሰው ሳይገኝ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አለፈ።

በ1942 ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አካል ሊቅ የወንድ ዘር ፍሬያቸው ከጉርምስና በፊት የወጣ ወይም ሳይሠራ የቀረ ወንዶችን መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። እነዚህ ሰዎች በተፈጥሮአቸው አይመለጡም ነበር። ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን በተሰጣቸው ጊዜ ግን ከቤተሰባቸው ራሰ በራነት ያለባቸው መመለጥ ጀመሩ፤ በዘራቸው የሌለባቸው ግን ሆርሞኑን ቢወስዱም አልተመለጡም። ሆርሞኑ ሲቋረጥ መመለጡ ባለበት ቆመ፤ የሄደው ጠጉር ግን አልተመለሰም። ከዚህ የተነሣ ራሰ በራነት የሦስት ነገሮች፣ ማለትም የሆርሞን፣ የዘርና የዕድሜ ድምር ውጤት መሆኑ ታወቀ።

አሠራሩም በኋላ ተብራራ። በጤነኛ ሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ጠጉር ይገኛል። እያንዳንዱ ጠጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያም ለጥቂት ሳምንታት እድገቱን ያቆማል፤ ለ3 ወር ያህል ዐርፎ ይረግፍና ከዚያው ሥር አዲስ ይተካል። 5-አልፋ ሪዳክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ቴስቶስቴሮንን ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን ይለውጠዋል። ይህ ሁለተኛው ሆርሞን በዘር በተጋለጠው የጠጉር ሥር ላይ ሲያርፍ የእድገቱ ዘመን ያጥራል፤ በየዙሩ የሚተካውም ጠጉር ከፊተኛው እየቀጠነ ይሄዳል። ስለዚህ መላጣ ራስ በአንድ ጊዜ የሚራቆት ሳይሆን፣ ጠጉሩ በየዙሩ እየኮሰመነ ሄዶ በመጨረሻ ለዐይን የማይታይ ለስላሳ ጸጉራም ልባስ ብቻ የሚቀርበት ነው።

ብዙ ሰው ራሰ በራነት ከእናት አባት ብቻ ይወረሳል ብሎ ያምናል። እምነቱ ከፊል እውነት አለው፤ የወንድ ሆርሞንን የሚቀበለው ዘረመል ከእናት በሚገኘው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነውና። ሆኖም ከሁለቱም ወገን የሚመጡ ሌሎች ዘረመሎች ስለሚሳተፉ፣ የአባቱን ራስ ትቶ የአያቱን ብቻ የሚመለከት ወጣት ግማሹን ማስረጃ ሳያይ ይፈርዳል።

ንቅለ ተከላና የመጀመሪያው ስሕተት

ከጆሮ በላይና ከማጅራት በላይ የሚገኘው ጠጉር አብዛኛውን ጊዜ እስከ እርጅና እንደሚቆይ ማንም ያያል። ያየውን ወደ ጥያቄ የለወጠው ግን ጥቂት ሰው ነበር። በ1939 ሾጂ ኦኩዳ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ጠጉር ያለበትን ቆዳ በትንሽ ክብ ስለት እየቆረጠ በጠባሳ ላይ መትከሉን ጻፈ። ጽሑፉ የወጣው በጃፓንኛ ነበር፤ ወዲያውም ዓለም በጦርነት ስለ ታመሰ ሥራው ከአገሩ ውጭ ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ቆየ።

በኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም የነበረው ኖርማን ኦሬንትራይክ በ1952 ለራሰ በራነት የመጀመሪያውን ንቅለ ተከላ አደረገ፤ ውጤቱንም በ1959 አሳተመ። ያረጋገጠው ፍሬ ነገር፣ ከማጅራት ተነቅሎ በግንባር ላይ የተተከለ ጠጉር የሄደበትን ቦታ ጠባይ ሳይሆን የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ እንደሚቀጥል ነው። ችግሩ በመሬቱ ሳይሆን በዘሩ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ግኝት የጠጉር ንቅለ ተከላ ሁሉ መሠረት ሆኖ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ነገር ግን መሠረቱ ትክክል ሆኖ ሳለ አሠራሩ ብዙዎችን ጎዳ። በዚያን ጊዜ የሚተከለው ቁራጭ 4 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ስለ ነበረው በአንዱ ቁራጭ ላይ ብዙ ጠጉር በአንድነት ይወጣል፤ በቁራጮቹም መካከል ባዶ ቆዳ ይቀራል። ውጤቱ እንደ ብሩሽ እሽግ ወይም በመስመር እንደ ተተከለ ችግኝ ይታይ ነበር። ከዚህ የከፋው ግን ጊዜ ያመጣው ነው። በወጣትነታቸው ግንባራቸውን ብቻ ያስተከሉ ሰዎች የቀረው የራሳቸው ጠጉር እየመለጠ ሲሄድ፣ የተተከለው በበራው መካከል እንደ ደሴት ብቻውን ቆሞ ቀረ። ሐኪሙ የሠራው ለዕለቱ ራስ ነበር፤ ራሱ ግን መለወጡን አላቆመም።

ማሻሻያው የመጣው ተፈጥሮን በቅርብ በማየት ነው። በ1984 ሄዲንግተን የተባለ ሐኪም የራስ ቆዳን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ጠጉር የሚበቅለው ከአንድ እስከ አራት እየሆነ በትንንሽ ጥንቅር መሆኑን ገለጸ። በቴክሳስ ይሠራ የነበረው ቦቢ ሊመር ከማጅራት አንድ ሰቅ ቆዳ አንሥቶ እነዚህን ጥንቅሮች በማይክሮስኮፕ እየለየ መትከልን አዳበረ፤ ዘዴውንም በ1994 አሳተመ። በ2002 ደግሞ ሰቅ ሳይነሣ እያንዳንዱን ጥንቅር 1 ሚሊሜትር በሚያህል ክብ ስለት አንድ በአንድ የማውጣት ዘዴ በጽሑፍ ቀረበ። ሰቁ ቀጭን የመስመር ጠባሳ ሲተው፣ ሁለተኛው ዘዴ የተበታተኑ ነጠብጣቦችን ይተዋል። በ2011 ይህንኑ የማውጣት ሥራ በካሜራ እየተመራ የሚያግዝ ሮቦት በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

ሁለቱ መድኃኒቶች

ከቢላዋ ውጭ ጥቅማቸው በሰፊ ሙከራ የተመሰከረላቸው ሁለት ዋና መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ሁለቱም የተገኙት ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ሚኖክሲዲል በ1979 ለደም ግፊት የተፈቀደ እንክብል ነበር። በሽተኞች በሰውነታቸው ላይ ጠጉር በዛብን ብለው ቢያመለክቱ ጉድለቱ ወደ ጥቅም ተለውጦ፣ በ1988 በራስ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ሆኖ በአሜሪካ ተፈቀደ።

ሁለተኛው ፊናስቴራይድ ነው። በ1974 ሐኪሟ ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊና ባልደረቦቿ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ስለሚገኙ ቤተሰቦች ጥናት አወጡ። ከነዚህ ቤተሰቦች አንዳንድ ልጆች ሲወለዱ ሴት መስለው ያድጉና በጉርምስና ወንድነታቸው ይገለጽ ነበር። ምክንያቱ ከላይ የተጠቀሰው ኢንዛይም ጉድለት ሲሆን፣ ሰዎቹ አድገው የፕሮስቴት ዕጢአቸው ትንሽ ሆኖ ተገኘ፤ ራሳቸውም አልተመለጠም። ኢንዛይሙን የሚገታው ፊናስቴራይድ በ1992 ለፕሮስቴት፣ በ1997 ደግሞ በአንድ ሚሊግራም መጠን ለራሰ በራነት ተፈቀደ።

ሁለቱም ጥገና እንጂ ፈውስ አይደሉም፤ ሲቋረጡ የተገኘው ጥቅም በወራት ውስጥ ይጠፋል። ፊናስቴራይድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የወሲብ ስሜትና ችሎታ መቀነስን ያስከትላል። በ2025 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ከጎጂ ውጤቶቹ አንዱ መሆኑን አረጋግጧል። ለፕሮስቴት ካንሰር በሚደረገው የደም ምርመራ የሚታየውንም ቁጥር በግማሽ ያህል ስለሚያሳንስ፣ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

በዚህ መካከል አታላዩም አልተኛም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1983 በራስ ቆዳ ውስጥ የሚተከሉ ሰው ሠራሽ ክሮችን ኢንፌክሽንና ሌላ ጉዳት ስላስከተሉ አገደ። በ1989 ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጡ የነበሩ የጠጉር ማብቀያዎች ጥቅማቸው እንዳልተረጋገጠ ወስኖ ከገበያ እንዲወጡ አዘዘ።

የአቅርቦቱ ሒሳብ

ንቅለ ተከላ ጠጉርን አይፈጥርም፤ ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከሒሳብ ነው። በእጅጉ በገፋ ራሰ በራነት የተራቆተው ስፋት 200 ካሬ ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። በተፈጥሮ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 80 ያህል ጥንቅር ቢገኝ፣ ራሱን እንደ ቀድሞው ለመሸፈን 16,000 ጥንቅር ያስፈልጋል። በግማሽ ጥግግት ይብቃ ቢባል እንኳ 8,000 ይሆናል። ከማጅራት በሰላም ሊነሣ የሚችለው ግን በዕድሜ ልክ ከ5,000 እስከ 7,000 እንደሚሆን ይገመታል። እንግዲህ አቅርቦቱ ከፍላጎቱ ያንሳል። ቅን ሐኪም የግንባሩን መስመር ከፍ አድርጎ የሚያሰምረውና መሐል ራሱን ለኋላ የሚያቆየው ስለዚህ ነው።

ለኢትዮጵያውያንና ለሌሎች አፍሪካውያን ሒሳቡ ሌላ መልክ አለው። የተጠቀለለ ጠጉር ብዙ ቦታ ስለሚሸፍን ጥቂቱ ብዙ ይመስላል፤ ይህ ጥቅም ነው። ሆኖም ጥቅልሉ ከቆዳ በታችም ስለሚቀጥል፣ ቀጥ ብሎ የሚገባ ስለት ሥሩን በቀላሉ ይቆርጠዋል። ከጥቁር ሕዝብ መካከልም ጠባሳው አብጦ የሚያድግበት ሰው ከሌላው ይበዛል። ስለዚህ የክፍያው መጠንና የጉዞው ምቾት ከመጠየቁ በፊት፣ ሐኪሙ በእንዲህ ያለ ጠጉር ላይ የሠራቸው ሥራዎች ከዓመት በኋላ ምን እንደሚመስሉ ማየት ይገባል።

የጥድፊያው ዕዳ የሚከብደው በተለይ በወጣቱ ላይ ነው። በሃያ አምስት ዓመት የመመለጡ አካሄድ ገና አልለየም፤ ግንባር ላይ ብቻ ይቁም ወይም እስከ ማጅራት ይውረድ አይታወቅም። በዚያ ዕድሜ የጉርምስናውን የግንባር መስመር ለመመለስ ሀብቱን ሁሉ ያፈሰሰ ሰው በአርባ ዓመቱ የኋላው ሲመለጥ የሚያነሣው የለውም። የሚሻለው፣ አስቀድሞ ጭንቅላትን በሐኪም ማስመርመር፣ መድኃኒቱን ቢያንስ ለአንድ ዓመት መሞከር፣ ከዚያም ቢያስፈልግ በልክ ማስተከል ነው። መላጨትም ከምርጫዎቹ አንዱ ነው፤ ጠባሳ የለውም፣ ወጪው የምላጭ ዋጋ ነው፣ ሐሳብ የለወጠ ሰውም ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ ይመለስበታል።

ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ በጥናቱ ቀን በሚፈሰው ውኃ ልክ አይሠራም፤ ገና ያልመጣውን የሃምሳ ዓመት ጎርፍ ይገምታል። ጠጉሩን የሚያስተክል ወጣትና የሚተክልለት ሐኪምም ሊያዩት የሚገባው በመስተዋቱ ያለውን የሃያ አምስት ዓመቱን ራስ ብቻ ሳይሆን፣ ያንኑ ራስ ተሸክሞ ስድሳ ዓመት የሚሞላውን ሰው ነው።