ካርቱኖቹና በሰው የተሠሩት አዲሶቹ ፊልሞች፦ ወላጆች ልዩነታቸውን እንዲያውቁ



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ወላጆች ነገሩን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ጠዋት የታክሲ ወረፋ ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ፤ የምትመለሱት ከመሸ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ ቤት የሚያገኙት ታላቅ እህታቸውን ወይም የቤት ሠራተኛዋን፥ እንዲሁም ቴሌቪዥኑ ላይ የተሰካችውን ፍላሽ ነው። ፍላሿ ላይ ያለውን ፊልም ማን እንደጫነው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። «ምን እያያችሁ ነው?» ስትሏቸው «ላየን ኪንግ» ይሏችኋል። የድሮውን ካርቱን ስለምታስታውሱ ልባችሁ ያርፋል።

ግን የትኛውን ላየን ኪንግ? አሁን ሁለት ነው። አላዲንም ሁለት ነው፤ ሲንደሬላም፣ ሙላንም እንደዚሁ። የዲዝኒ ኩባንያ በተለይ ከ2015 ወዲህ ዘፈን የሞላባቸውን የቀድሞ ካርቱኖቹን በተዋንያን እያሠራ እንደገና አውጥቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስማቸው አንድ ነው፤ ዘፈኖቹም አብዛኞቹ አሉ። ሆኖም የድሮውን ስላወቃችሁ አዲሱን ታውቁታላችሁ ማለት አይደለም። ርዝመታቸውን ብቻ ተመልከቱ። የ1991ዱ «ቢውቲ ኤንድ ዘ ቢስት» 84 ደቂቃ ነበር፤ የ2017ቱ 129 ሆኗል። አላዲን ከ90 ወደ 128፥ ላየን ኪንግ ከ88 ወደ 118፥ የባሕሯ ልጅ ታሪክ «ሊትል መርሜድ» ደግሞ ከ83 ወደ 135 ደቂቃ አድጓል። ወላጅ ሊጠይቀው የሚገባው እነዚህ የተጨመሩት ደቂቃዎች በምን ተሞሉ? ከድሮውስ ምን ወጣ? የሚለውን ነው።

ከላየን ኪንግ እንጀምር። የ2019ኙን ብዙዎች «በእውነተኛ እንስሳት የተቀረጸ» ይመስላቸዋል። አይደለም። ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮ ራሱ እንደተናገረው በካሜራ የተነሣው አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ይህም ለሕፃን ልጅ ትልቅ ልዩነት አለው። በ1994ቱ ካርቱን ጅቦቹ ቀልደኞች ናቸው፤ ዓይናቸው ይገለባበጣል፣ ምላሳቸው ይንጠለጠላል። በአዲሱ ግን እውነተኛ ጅብ ናቸው። ሱሉልታ ሌሊት ከጓሮ የጅብ ጩኸት እየሰማ ለሚተኛ የአምስት ዓመት ልጅ ይህ ተረት አይደለም፤ ጎረቤቱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንበሶቹ እውነተኛ ስለመሰሉ ፊታቸው ኀዘንም ደስታም አያሳይም። ሲምባ አባቱ ሲሞትበት የድሮው ሥዕል ልብ ይሰብር ነበር፤ አዲሱ ላይ የምታዩት የአንበሳ ደቦል ነው። በእኔ ግምት ድሮ የተሠራው ይበልጣል።

ሁለቱም ፊልሞች የሚጋሩት ነገርም አለ፤ የሞቱ ነገሥታት ከከዋክብት ሆነው ሕያዋንን ይመለከታሉ፣ የሞተው አባት ለልጁ ይናገራል። በካርቱኑ ሙፋሳ በደመና ውስጥ በግልጽ ይታያል፤ በአዲሱ እንደዚያ ጎልቶ አይወጣም። ወላጅ «ከቀነሰማ ጥሩ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የተሳለ መንፈስ ሥዕል መሆኑን ልጅ ያውቃል፤ በእውነተኛ ሰማይ ላይ፣ በእውነተኛ መብረቅ መካከል የሚሰማ ድምፅ ግን ለማመን ይቀላል። የአባቶች መንፈስና ቆሌ የሚባለው ነገር በሩቅ የተረሳ ታሪክ ባልሆነበት አገር ዘዳግም 18፥10-12ን ለልጅ ለማስረዳት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ይህ ነገር በአላዲን ላይ ይጎላል። እንግሊዝኛው «ጂኒ» የሚለውን ቃል እኛ ሳንተረጉመው እናውቀዋለን፤ በእኛ ሰፈር ጂኒ የሚስቁበት ነገር አይደለም፤ ሰው የሚጸለይለት ነው። በ1992 በሮቢን ዊልያምስ ድምፅ የቀረበው ጂኒ ሰማያዊ ጭስ የሚመስል፣ በየሰከንዱ የሚለዋወጥ ሥዕል ነበር። በ2019 ዊል ስሚዝ ተጫወተው፤ ፊቱ የሰው ፊት ነው። መጨረሻውም ተቀይሯል። በካርቱኑ ጂኒው ከባርነት ነፃ ወጥቶ ጂኒ እንደሆነ ይሄዳል፤ በአዲሱ ግን ሰው ይሆናል፣ ያገባል፣ ልጆችም ይወልዳል፤ ፊልሙ ሲጀምር ለልጆቹ ታሪኩን የሚተርከውም እርሱ ነው። ለአሜሪካዊ ተመልካች ይህ ደስ የሚል የፍቅር ታሪክ ነው። እናንተ ግን ልጃችሁ «ጂኒ ጥሩ አባት ሊሆን ይችላል?» ብሎ ቢጠይቃችሁ አትደነቁ፤ መልሳችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። በዚሁ ፊልም ለልዕልት ጃስሚን አዲስ መዝሙር መሰል ዘፈን ተጨምሮላታል፤ ዝም በይ ስትባል ዝም እንደማትል የምትናገርበት ነው፤ በመጨረሻም አገሩን የምትገዛው እርሷ ትሆናለች። አንዳንድ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ይህን አልወደዱትም። እኔ ግን አስቴር ምዕራፍ 4ን ያነበበ ሰው በዚህ የሚደናገጥ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ባሕሯ ልጅ እንምጣ፤ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። ታሪኩን በ1837 ያሳተመው ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ነው። በእርሱ ታሪክ የባሕሯ ልጅ የምትፈልገው ልዑሉን ብቻ አይደለም፤ የማትሞት ነፍስ ትፈልጋለች። ልዑሉ ሌላ ሴት ያገባል፤ እርሷም የአየር ልጅ ትሆንና ሦስት መቶ ዓመት መልካም ሥራ ሠርታ ነፍስ እንደምታገኝ ይነገራታል። በጸጋ መዳንን ለሚያምን ሰው (ኤፌ. 2፥8-9) ይህ የሚያሳዝን ተስፋ ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዲዝኒ በ1989 ካርቱኑን ሲሠራ ነፍስ የሚለውን ፍለጋ አውጥቶ ልዑሉን ብቻ አስቀረ፤ የ2023ቱም አልመለሰውም።

ቢሆንም በ1989ኙ ውስጥ አንድ ድንቅ ትዕይንት ቀርቷል። ልጅቱ ከጠንቋይዋ ጋር ውል ተፈራርማ ስትያዝ አባቷ የእርሷን ስም በራሱ ስም ተክቶ ባሪያ ይሆንላታል። በአዲሱም አባትየው ለልጁ ራሱን ይሰጣል። ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ የት ይገኛል? በአዲሱ የተለወጡት ደግሞ ሁለት ዘፈኖች ናቸው። የሁለቱም ፊልሞች ሙዚቃ ደራሲ አለን ሜንከን እንደገለጸው፥ ሴት ልጅ ሳትፈቅድ መሳምን የሚያበረታታ የሚመስለው ግጥም ተስተካክሏል፤ ጠንቋይዋ ሴት ዝም ስትል ትወደዳለች የምትልበት ክፍልም ወጥቷል። የመጀመሪያው ማሻሻያ ሴት ልጅ ያለውን ወላጅ ሁሉ የሚያስደስት ነው። ሁለተኛው ግን ያከራክራል፤ ያንን የምትለው እኮ ጠንቋይዋ ናት፥ ውሸታም መሆኗን ልጆች የሚያውቁትም ከዚያ ነው።

«ቢውቲ ኤንድ ዘ ቢስት» በ2017 ሲወጣ በወንጌላውያን ዘንድ ብዙ ተጽፎበታል። የጋስቶን ተከታይ የሆነው ሌፉ ለወንድ የተሳበ ሆኖ በመቅረቡ ፍራንክሊን ግራሃም ክርስቲያኖች ዲዝኒን እንዲተዉ ጥሪ አድርገው ነበር፤ ኩዌት ውስጥም ከሲኒማ ወርዷል። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ወላጅ ግን መኖሩን ማወቅ አለበት፥ ምክንያቱም በካርቱኑ የለም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ሳይነሣ የቀረ ነገርም አለ፦ በካርቱኑ ለቤል መጽሐፍ የሚሰጣት ነጋዴ ነበር፤ በአዲሱ የመንደሩ ቄስ ነው። ፊልሞች አገልጋይን በመልካም የሚያሳዩት በብዛት አይደለምና ይህም ይቆጠርላቸው።

ሙላን (1998 እና 2020) ዘፈኖቹን ሙሉ በሙሉ አጥቷል፤ ቀልደኛው ዘንዶ ሙሹም ወጥቷል፥ በምትኩ ጠንቋይ ሴት ገብታለች። በጃንግል ቡክ ደግሞ የ1967ቱ ዝሆኖች የሚያስቁ ወታደሮች ነበሩ፤ በ2016ቱ ግን ጫካውን የፈጠሩ ናቸው ተብሎ እንስሳት ሁሉ ይሰግዱላቸዋል። «የድሮውን አውቀዋለሁ» ብሎ ያለፈ ወላጅ ይህን አያገኘውም።

ከካርቱኑ የተሻለ አዲስ አለ ወይ ብትሉኝ ሲንደሬላን እጠቅሳለሁ። የ1950ው በዘፈኑ ይወደዳል፤ የ2015ቱ አብዛኛውን ዘፈን ትቷል፥ አይጦቹም አይናገሩም። ነገር ግን ልጅቱ ቤቱን ለቅቃ ስትወጣ ወደ እንጀራ እናቷ ዘወር ብላ ይቅር እንዳለቻት ትነግራታለች። በካርቱኑ ይህ የለም። እንጀራ እናት ባለበት ቤት ለሚያድጉ ልጆቻችን ይህች አንዲት ደቂቃ ከሁሉም ዘፈኖች ትበልጥብኛለች።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በየሰፈሩ የሚዞሩት የትርጉም ፊልሞች ንግግሩን በአማርኛ ይተርካሉ፤ ዘፈኑ ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ እንዳለ ያልፋል። ሙዚቃዊ ፊልም ደግሞ ትምህርቱን የሚያስቀምጠው በዘፈኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ የሚማር ልጃችሁ ያላስተዋለውን ቃል በቃሉ ይዞ ይዘምራል። እንግሊዝኛ የሚችል የቤተ ክርስቲያናችሁን ወጣት ጠርታችሁ ምስሉን ሳታዩ ዘፈኑን ብቻ እያዳመጣችሁ እንዲተረጉምላችሁ አድርጉ። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የተማረ ወንድም ወይም እህት በጉባኤያችሁ ካለ አብሯችሁ ይቀመጥ፤ እኛ በምስሉ ተወስደን የሚያልፈንን ድምፅ እነርሱ አያልፋቸውም።

ከየትኛው እንጀምር ለምትሉ፥ የ1998ቱን የሙሴ ታሪክ «ዘ ፕሪንስ ኦቭ ኢጅፕት» እመክራለሁ። የሠራው ድሪምወርክስ እንጂ ዲዝኒ አይደለም፤ በ2020 በለንደን መድረክ በተዋንያን ቀርቧል። የእርሱን ዋና ቅጂ ማንም በእጁ አለው። ዘጸአት 2ን ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡና ከዚያ ካርቱኑን ክፈቱ፤ ሕፃኑን ሙሴን ከውኃ ያወጣችው ማን እንደሆነች ጠይቋቸው። መጽሐፉ የፈርዖን ልጅ ይላል፤ ፊልሙ ንግሥቲቱን አድርጎታል። ልጆቹ ከእናንተ ቀድመው ያገኙታል።