«ተቋረጠ» የምትለዋ ቃል

ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁ አሁን በጽሑፍ ታነቡታላችሁ። ያልሰማችሁም ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ጣታችሁን ከቃሉ ሥር ማስኬድ አያሳፍርም። እኔ አስተማሪው ራሴ ረጅም የፈረንጅ ስም ሲያጋጥመኝ እንዲሁ አደርጋለሁ።

የዛሬው ወሬያችን የመጣው ከአንዲት እናት ነው። እዚህ መቀሌ ውስጥ ማታ ማታ ከማስተምራቸው አንዷ ናቸው። «አደይ» እያልን ነው የምንጠራቸው። አንድ ምሽት የልጃቸውን የእንግሊዝኛ ደብተር ይዘው መጡ። «መምህር፣ ልጄ ይህችን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፏታል። ምን ማለት ናት?» አሉኝ። ቃሏ «ዲስራፕት» ነበረች። ከሥሯ ደግሞ «ኢንተራፕት» የምትል አለች። እኔም ቸኮልኩና «ሁለቱም ያው አቋረጠ ማለት ናቸው» ብዬ መለስኩ።

ለአደይ ግን አልተዋጠላቸውም። «እኔ አሁን አስፋልቱን አቋርጬ መጣሁ። ልጄም ትምህርቱን አቋርጦ ነበር። ታዲያ እኔና እሱ አንድ ሥራ ነው የሠራነው?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አመሸሁ።

እንግዲህ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። «ዲስራፕት» የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። ሥሩ ግን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ፣ ላቲን ነው። በላቲን «ሩምፔሬ» ማለት መስበር ነው። ከዚህ አንድ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ ወጣ። «ኢንተራፕት» ማለት መካከሉ ላይ ሰበረ ማለት ነው። «ዲስራፕት» ሰብሮ በታተነ ማለት ነው። እንደ አፋሩ ኤርታ አሌ ያለ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ «ኢራፕት» ይሉታል፤ ሰብሮ ወጣ ማለታቸው ነው። የከሰረ ነጋዴን «ባንክራፕት» የሚሉትም ከዚሁ ዘመድ ነው። ይህኛው የመጣው በጣሊያንኛ በኩል ሲሆን የተሰበረ አግዳሚ ማለት ነው። ያን ጊዜ ገንዘብ መንዛሪዎች የሚሠሩት አግዳሚ ላይ ነበርና።

ሁለቱ ቃላት ታዲያ አንድ አይደሉም፤ ተሳስቼ ነበር። ሰው ሲናገር «ይቅርታ፣ ላቋርጥዎትና» ብትሉት ያ «ኢንተራፕት» ነው። ሰውየው ትንሽ ቆይቶ ወደ ነገሩ ይመለሳል። የተቆጣ በሬ ገበያ መካከል ገብቶ እንስራውን ቢሰብር፣ እህሉን ቢበትን፣ ሰዉን ቢያራውጥ፣ ያ «ዲስራፕት» ነው። ለዚህ እኛ «አወከ»፣ «አናጋ»፣ «አስተጓጎለ» የሚሉ ቃላት አሉን። አሁን አሁን የፈረንጅ ነጋዴዎች «ዲስራፕት»ን ለምስጋና ያውሉታል። በአዲስ ዘዴ የድሮውን ንግድ ገለበጠ ሊሉ ሲፈልጉ ነው። መቀሌ ውስጥ ግን መታወክን የሚያመሰግን ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

የእኛ «አቋረጠ» ደግሞ ከ«ቆረጠ» ይወለዳል። በትግርኛ ስንናገር «ቆረጸ»፣ «ኣቋረጸ» እንላለን፤ ጠ በጸ ተለወጠች እንጂ ቃሉ ዘመድ ነው። እንግሊዝኛው ይሰብራል፣ የእኛው ይቆርጣል። አስፋልት የሚሻገር ሰው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይቆርጠዋል። «አገር አቋራጭ አውቶቡስ» የምንለውም ለዚህ ነው። ትምህርት ያቆመም እንደ ክር የሚሄደውን ነገር ቆረጠው። አደይ ትክክል ነበሩ፤ አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል።

አሁን ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ልጻፍ፤ እናንተም ጻፉ። «አቋረጠ»። «ተቋረጠ»። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፣ አ እና ተ። በአ ሲጀምር አድራጊ አለ። በተ ሲጀምር አድራጊው ይሰወራል። ይህች ፊደል በታሪክ ላይ ምን እንደምታደርግ እዚሁ ከተማችን ውስጥ እንይ።

እንዳ ኢየሱስን የማያውቅ የመቀሌ ሰው የለም። «እንዳ» በትግርኛ ቤት ማለት ነው። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለበት ኮረብታ ነው። በ1888 ዓ.ም. ግን የኢጣሊያ ምሽግ ነበር። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ የኢጣሊያ ጦር ተሸነፈ፤ አዛዡ ሜጀር ቶዜሊም ሞተ። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ጦር ወደ መቀሌ ገሠገሠ። በምሽጉ ውስጥ ሜጀር ጋሊያኖ ከ1000 በላይ ወታደር ይዞ ተቀምጧል። አብዛኞቹ ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪ የሚባሉት ነበሩ። ምሽጉ ጠንካራ ነው፣ መድፍም አለው። የአፄ ምኒልክ ሠራዊት እየወጣ ተዋጋ፤ ብዙ ሰው ወደቀ፤ ምሽጉ ግን አልተያዘም።

ምሽጉ አንድ ጉድለት ነበረው። የሚጠጣው ውሃ ከግንቡ ውጭ ነበር። ይህን ያዩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የእሳቸው ወታደሮች ወርደው ምንጩን ያዙ። ከዚያ ወዲያ ምሽጉ ውስጥ ውሃ በልክ ይታደል ጀመር። ጥምን ደግሞ በመድፍ መመለስ አይቻልም። ጥር አጋማሽ ላይ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ። አፄ ምኒልክም ከነመሣሪያው እንዲሄድ ፈቀዱለት፣ የሚጫንበትም በቅሎ ሰጡት። ሰውየው ግን የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ እንደገና ተሰልፎ እዚያው ሞተ።

እስቲ አሁን «የምሽጉ ውሃ ተቋረጠ» ብለን እንጻፍ። ሐሰት ነው? አይደለም። ግን ጣይቱ ጠፉ። ምንጩ በራሱ የደረቀ ይመስላል። «ጣይቱ ውሃውን አቋረጡ» ስንል ግን ሰው ይታያል፣ ሐሳብ ይታያል። የተጠሙትም ሰዎች ይታያሉ፤ እነሱም ሰዎች ናቸውና።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ይህንን ለመቀሌ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው አንባቢ ስል ነው የምጽፈው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጦርነት ተጀመረ። ስልክ ተቋረጠ። መብራት ተቋረጠ። ባንክ ተዘጋ። ስልኩ ለጥቂት ወራት ተመልሶ ሰኔ 2013 ዓ.ም. እንደገና ጠፋ። ማን አቋረጠው ለሚለው ወገኖቹ እርስ በርሳቸው ተካሰሱ። ስለዚህ በከተማው ሁሉ «ተ» ያለችበት ቃል ብቻ ይነገር ነበር። እኔም ደመወዜ ተቋርጦ ጄሪካን ተሸክሜ ውሃ ፍለጋ ስዞር «ማን?» ብዬ ለመጠየቅ ጉልበት አልነበረኝም።

የሰላሙ ስምምነት ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 ቀን የመንገደኛ አውሮፕላን መቀሌ አረፈ። ሁለት ዓመት ያልተያየ ቤተሰብ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እየተቃቀፈ አለቀሰ። ትምህርት ቤት ግን ዘገየ። አስቀድሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ነበር፤ ጦርነቱ ደረሰበት። አንዳንዱም የተፈናቃይ መጠለያ ሆነ። የተከፈተው በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት ገደማ ነው። ሦስት ዓመት! የአደይ ልጅ ያቋረጠው ይህንን ነው። «አቋረጠ» ማለትም ይከብደኛል፤ እሱ ምን አደረገ? ተቋረጠበት እንጂ። አያችሁ፣ «በት» የምትለዋ ጭራ ስትጨመር ደግሞ የተጎዳው ይታያል።

ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ምሽት ለክፍሉ አስረዳሁ። አደይ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «እኔም ተቋርጦብኛል» አሉ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ልጅ ነበሩ። ከሀ ጀምረው ነ ላይ ሲደርሱ በአካባቢያቸው ውጊያ መጣና ሰፈሩ ተበተነ። ኘን ያወቋት እኛ ክፍል ሲገቡ ነው፣ አርባ ዓመት አልፎ።

የ«ተቋረጠ» ተቃራኒ «ቀጠለ» ነው። የተቆረጠ ገመድ ጫፍና ጫፉ ሲቋጠርም «ተቀጠለ» እንላለን። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው የሰጠው። በዚህች ቃል አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ ብዬ አዘዝኩ። አደይ ብዙ ሰዓት ወሰዱ። ደብተራቸውን ሳየው፣ በትልልቅ ፊደል፣ አንዷ ከመስመር ወጣ ብላ፣ እንዲህ ይላል፦ «እኔና ልጄ በአንድ መብራት ቀጠልን።»

እናንተም አንድ ጻፉ። በተ የምትጀምረዋን «ተቋረጠ» ካስገባችሁባት፣ ከጎኗ በቅንፍ «ማን?» ብላችሁ ጨምሩ። መልሱን ካወቃችሁት ስሙን አስፍሩ።