የዕቃ ጠባቂ አገልግሎትና የጡረታው ክብር

ጥበብ በቃል ብቻ ከሰው ወደ ሰው አትተላለፍም። መምህር ይናገራል፥ ደቀ መዝሙር ይሰማል፤ በሁለቱ መካከል ግን ዕቃውን አጥቦ፥ መዝኖና አሰናድቶ የሚያቀርብ ሦስተኛ ሰው አለ። ይህ ሰው በቤተ ክርስቲያን የንዋያተ ቅድሳት ጠባቂ ነው፤ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነው። ብዙ ዘመን አገልግሎ ዕድሜው ሲደርስ ቁልፉን አስረክቦ ይወጣል። ስለዚህ ሰው አገልግሎትና ዕረፍት የቀድሞው ታሪክ የሚያስተምረውን መመርመር ለኢዮቤልዩ በዓል የተገባ ነው።

የዕረፍቱ ሥርዓት በኦሪት ተጽፎ ይገኛል። በዘኍልቍ ምዕራፍ 4 የቀዓት ልጆች የመቅደሱን ዕቃ እንዲሸከሙ ታዘዙ። በምዕራፍ 8 ደግሞ ሌዋዊው በ25 ዓመቱ ወደ አገልግሎት እንዲገባ፥ 50 ዓመት ሲሞላውም ከሥራው እንዲያርፍ ተወሰነ። ነገር ግን ሸክሙ ተነሣለት እንጂ ከወንድሞቹ ጋር መጠበቁ አልቀረም። ኢዮቤልዩም የሃምሳኛው ዓመት ዕረፍት ነውና የምድሪቱና የሌዋዊው ዕረፍት በቍጥር ይገጥማሉ።

በጋሞ ምድር የመጽሐፍ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኦሮሞን ታሪክ የጻፈው አባ ባሕርይ የጋሞ ካህን ነበረ። መጽሐፍ እንዲጻፍ ብራና የሚፍቅና ቀለም የሚበጠብጥ እጅ ያስፈልጋል። ጥላሸቱና የግራር ሙጫው በመጠን ካልተዋሐዱ ቀለሙ ይደበዝዛል፥ ወይም ከብራናው ይረግፋል። የዶርዜ ሸማኔም ጥበቡን ለልጁ የሚያወርሰው አጠገቡ አስቀምጦ በማሠራት ነው። እጅ የሚያውቀውን የሚማረው እጅ ነውና።

በባሕር ማዶም እንዲሁ ሆነ። የመጽሐፍ ጥራዝ ሥራ የተማረው እንግሊዛዊው ሚካኤል ፋራዴ በ1813 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሎንዶን የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ዕቃ ከማቅረብ ተነሥቶ በ1831 በማግኔት ኃይል ኤሌክትሪክ እንደሚገኝ ገለጠ። እርሱም በተራው ቻርልስ አንደርሰን የሚባል የቀድሞ ወታደር ረዳት ነበረው። ፋራዴ አንድ ቀን ማታ አሰናብትሃለሁ ሳይለው ቢሄድ፥ አንደርሰን ሌሊቱን ሁሉ የምድጃውን እሳት ሲያነድድ በጧት ተገኘ ይባላል። ይህም ሰው እስከ ሞተበት እስከ 1866 ከአገልግሎቱ አልተለየም። የፋራዴን ስም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ አንደርሰንን የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተጀመረ። በአርባ ምንጭም በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፈተ፤ ይህም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በእንዲህ ያለ ቤት የሠራተኛው ዕውቀት ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንድ ነገር ይታያል። መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ይህ ግን በባሕር ጠለል ነው። ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ባላት በአርባ ምንጭ ውኃ በ96 ዲግሪ ገደማ፥ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በጨንቻ ደግሞ በ91 ገደማ ይፈላል። አዲስ ተማሪ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ይላል፤ የኖረው ሠራተኛ ግን ወደ ላይ በወጡ ቍጥር የአየሩ ክብደት እንደሚቀንስ ያውቃል። አሲድ ሲቀጥንም አሲዱ ወደ ውኃው በጥቂት በጥቂቱ እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ እንደማይፈስስ ያውቃል። ይህን የዘነጋ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ ይህ ሰው ሲያርፍ ምን ይረከቡታል? ጠርሙሱ፥ ሚዛኑና አጉሊ መነጽሩ ተቈጥሮ ይፈረማል። የትኛው ሚዛን እንደሚያዘነብል፥ የትኛውም ጠርሙስ በጥንቃቄ እንደሚከፈት ግን በመዝገብ አይገኝም። ተተኪው ቀድሞ በአጠገቡ ካልቆመ፥ ዕውቀቱ ከሽማግሌው ጋር ከበሩ ይወጣል።

ጡረታ የሚለው ቃል ጦረ ከሚለው የወጣ ነው፤ ይኸውም ልጅ የሸመገለ ወላጁን መመገቡና መደገፉ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ1955 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ዛሬም የጡረታው ዕድሜ 60 ዓመት ነው። አዋጁ እንጀራውን ይሰጣል፤ መጦር ግን በእንጀራ ብቻ አይፈጸምም። ልጅ ወላጁን ሲጦር ምክሩንም ይጠይቃል።

ዕረፍት የሚለውም ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ አንዱ ከድካም ማረፍ ነው፥ ሁለተኛው ሞት ነው። ለአገልጋዩ የመጀመሪያው ይገባዋል፤ ለጥበቡ ግን ሁለተኛው እንዳይደርስበት ያስፈራል። ስለዚህ የአጥቢያው ካህናትና ምእመናን፥ ወጣቱን ዲያቆን ከገበዙ ጋር፥ ወጣቱንም የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ከአረጋዊው ጋር አስቀድመው ያቁሙ፤ አረጋዊውንም እንደ ሌዋዊው ከሸክሙ ያሳርፉት፥ ከጉባኤው ግን አይለዩት።

ለአረጋውያኑ ዕረፍቱን፥ ለወጣቶቹም ትጋቱን እግዚአብሔር ያድልልን። አሜን።