የአራዳ ዘበኛ ለማን ያድራል?

ዛሬ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ስልኩን የተነጠቀ ሰው ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ይሰጣል። በአጤ ምኒልክ ዘመን ንብረቱ የጠፋበት ሰው ግን ሌባ ሻይ ያስጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል። ራሱን ሲስት ወገቡ በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ ጠባቂው የመቀነቱን ጫፍ እንደያዘ ይከተለዋል፣ ከኋላ ባለንብረቱና የሰፈሩ ሰው ይጎርፋል። ልጁ ከአንዱ ቤት ገብቶ አልጋ ላይ ከተዘረረ የቤቱ ባለቤት ሌባ ነው፤ የጠፋውን ይከፍላል። ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። የዚያን ልጅ እግር የሚመራው ማን እንደሆነም ማንም አያጣራም።

በገጠሩ ደግሞ አውጫጭኝ ነበር። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም። ከሳሽና ተከሳሽም ፍርድ እስኪያገኙ በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይበሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ይህን ሁሉ የማነሣው የድሮውን ለማሞካሸት አይደለም። ቁራኛ በሚባለው በዚህ መቆራኘት የተቸገረው ብዙ ጊዜ ድሃው ነው። ሆኖም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ከዘበኛ በፊት ሕዝቡ ራሱ ሕግ አስከባሪ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ቢቸኩልም መቆም ነበረበት፤ ቃሉን የሚጮኸው መለዮ ለባሽ መሆን አያስፈልገውም።

ከተማው ሲሰፋ ግን ይህ አልበቃም። ልጅ ኢያሱ በአጭሩ የሥልጣን ዘመናቸው ቁራኛንና ሌባ ሻይን ለማስቀረት ሞከሩ፤ ትሬንቡሌ የሚባል የከተማ ዘበኛም አቋቋሙ። ስለ ልጅ ኢያሱ ሲወራ ሃይማኖታቸውና ውድቀታቸው ብቻ መነሣቱ ይገርመኛል፤ የፖሊስ ታሪካችን አንድ ምዕራፍ የሳቸው ነው። ዘበኛው ግን ደመወዙም ትእዛዙም ከላይ ነበር። የሚያድረው ለሾመው እንጂ ለሰፈሩ አልነበረም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ፖሊስ በአዋጅ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት እንግሊዛዊ የፖሊስ ኮሚሽነር እንዲሾም ይፈቅድ ነበር። እንግሊዞች በገዛ አገራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1829 የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁሙ፣ ሕዝቡ ከወታደር ጋር እንዳያምታታው ሰማያዊ ልብስ አልብሰው፣ ያለ ጠመንጃ ነበር ያሰማሩት። የእኛው ፖሊስ ያደገው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ሆኖ፣ በጄኔራል እየታዘዘ። ኮሚሽነሩ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ጠንሳሾች ጋር ተሰልፈው ሕይወታቸው አለፈ። የፖሊስ አዛዥ የቤተ መንግሥት ሽኩቻ አካል መሆኑ ተቋሙ ለማን እንደተሠራ ይናገራል።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ፣ አፍንጮ በር አካባቢ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመታ። በማግስቱ አስከሬኑን ከበው ያለቅሱ በነበሩት ተማሪዎች ላይ የተኮሰው ፖሊስ ሳይሆን ክብር ዘበኛ ነው። የፖሊስ ሥራ ለወታደር ሲሰጥ ምን እንደሚመጣ ከዚያ ወዲህ ደጋግመን አይተናል።

ሕጉ ግን ከድርጊቱ ቀድሞ ነበር። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ቃል ለመቀበል ማስፈራራትንም ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ይህንኑ አጸና። በተግባር ግን «ለተጨማሪ ምርመራ 14 ቀን ይፈቀድልን» የሚለው ዓረፍተ ነገር የአራዳ ምድብ ችሎት የዕለት እንጀራ ሆነ። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ እያንዳንዱን ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን፣ ድምሩንም እስከ 4 ወር አደረገው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተጠርጣሪው የሚቆየው እዚያው ፒያሳ፣ ማዕከላዊ በሚባለው የምርመራ እስር ቤት ነበር። ደርግ ያሰረበት ግቢ ከደርግ በኋላም ታሰረበት፤ የተዘጋው በ2010 ነው።

በ1997 ምርጫ ማግስት የተፈጠረውን ሁከት ያጣራው፣ በዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል የሚመራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዘገበ። ከ10 አባላት 8ቱ የተወሰደው እርምጃ ከልክ ያለፈ ነው ብለው ድምፅ ሰጡ። ሰብሳቢው አገር ጥለው ወጡ፤ ለምክር ቤት የቀረበው ሪፖርት ደግሞ እርምጃው ተገቢ ነበር አለ። ከዚህ በላይ የተጠያቂነታችንን መጠን የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

የአዲስ አበባ ፖሊስ በ1995ቱ የከተማው ቻርተር መሠረት ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት እንጂ የከተማው ነዋሪ ለመረጠው ምክር ቤት አይደለም። ይህ በእኔ እምነት መለወጥ አለበት። እስከዚያው ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ አንቀጽ 19ን አንብበው ይያዙት። ሕጉ በ48 ሰዓቱ ውስጥ የማይቆጥረው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ አራዳ ችሎት ደግሞ ቀን የሚፈጅ መንገድ የለም።